ተጨማሪ መረጃ፦ ትንፋሽ ሲያጥር አእምሮም ይጨነቃል
በሲጋራ ወይም ለዓመታት በማገዶ ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ለጭንቀትና ለድባቴ የተጋለጡ ናቸው። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ፍርሃት ይይዛቸዋል፤ ፍርሃቱ አተነፋፈሳቸውን ያፈጥነዋል። የገባው አየር በቅጡ ሳይወጣ ሌላ ስለሚጨመርበት ሳንባ ይወጠርና እጥረቱ ይብሳል። ይህን ፈርተው ገበያና ለቅሶ ቤት መሄድ የሚተዉ አሉ። ድባቴው ግን በቀላሉ አይታወቅም፤ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ «ከሳንባው ነው» እየተባሉ ይታለፋሉ፤ ይህ ሕመምተኛውን በእጅጉ ይጎዳል። በአፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል የተባለው የትንፋሽ መድኃኒትም እጅ ሊያንቀጠቅጥና የልብ ምት ሊያፈጥን ስለሚችል ከጭንቀት ጋር ይምታታል። ትንፋሽ ሲያጥር አየር በአፍንጫ ስቦ፣ ለማፏጨት እንደሚደረገው ከንፈርን አሹሎ በዝግታ ማስወጣት ይረዳል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒን ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።