አንደበት የሌላቸው እንስሳትና የሰው መድኃኒት

በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ በየማለዳው ቁርስ ከመቅረቡ አስቀድሞ የሚፈጸም አንድ ሥራ አለ። እናት ወይም አባት ከቀዝቃዛ ስፍራ ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው በቀጭን መርፌ ጥቂት ቀድተው የስኳር በሽታ ያደረበትን ልጃቸውን ይወጋሉ። ልጁም በልቶ ጠጥቶ እንደ እኩዮቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ኢንሱሊን ይባላል። ይህ መድኃኒት እንዴት እንደ ተገኘ፥ ለመገኘቱም ማን ዋጋ እንደ ከፈለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዋጋውን አስቀድመው የከፈሉት ውሾችና ጥንቸሎች ናቸው፤ እነርሱም ይሁን ብለው አልፈረሙም፥ አይሆንም ብለውም አልተከራከሩም። ስለዚህ ሰው ለጤናው ሲል በእንስሳት ላይ ምርምር ማድረጉ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ ወሰኑ እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ከኢንሱሊን ታሪክ ጋር አያይዘን እንመረምራለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከ1922 ዓ.ም. አስቀድሞ በልጅነት የሚይዘው የስኳር በሽታ የሞት ፍርድ ነበር። ሕፃኑ ውሃ አይጠግብም፤ ሽንቱ ይበዛል፤ ምንም እንኳ አብዝቶ ቢበላ ሰውነቱ እየከሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ራሱን ስቶ ይሞታል። የዚያ ዘመን ሐኪሞች የነበራቸው ብልሃት ምግብን እጅግ መቀነስ ብቻ ነበር። በዚህም የሕፃኑ ዕድሜ በጥቂቱ ይራዘም ነበር እንጂ አይድንም። እናት በቤቷ ዳቦ ሞልቶ ሳለ እያለቀሰ የሚለምናትን ልጇን ትከለክለው ዘንድ ትገደድ ነበር።

የበሽታው ሥር ወዴት እንዳለ ያመለከተ አንድ ውሻ ነው። በ1889 ዓ.ም. ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮውስኪ የተባሉ ሐኪሞች በስትራስቡርግ ከተማ የአንድ ውሻ ቆሽት ቀደው አወጡ። ከዚያም በኋላ የውሻው ሽንት በዛ፤ ሽንቱም በተመረመረ ጊዜ ስኳር ተገኘበት። ከዚህም የተነሣ ቆሽት ምግብን የሚፈጭ ፈሳሽ ከማፍሰሱ በቀር በሰውነት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚገዛ ሌላ ነገር እንዳለው ታወቀ።

ያን ነገር ለይተው ለማውጣት በየአገሩ ብዙ ሊቃውንት ደከሙ፤ ነገር ግን ለበሽተኛ የሚበጅ መድኃኒት አድርጎ ለማቅረብ አልተቻላቸውም። በ1921 ዓ.ም. በሜይ ወር ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቻርልስ ቤስት ከተባለ ወጣት ረዳት ጋር በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ማክሊዮድ የምርምር ቤት ሥራ ጀመረ። ሐሳቡም የውሻውን የቆሽት ቱቦ በክር ቢያስሩት ምግብ የሚፈጨው ክፍል ይጠወልጋል፥ የሚፈለገው ክፍል ግን ይቀራል፥ ከዚህም የተገኘውን ጭማቂ ቆሽቱ ለወጣበት ሌላ ውሻ መስጠት ይቻላል የሚል ነበር።

መጀመሪያው ግን ጥፋት የበዛበት ሆነ። ከተሰጧቸው 10 ውሾች 7ቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቱባቸው። በጁላይ 30 ቀን ጭማቂውን የተወጋው ውሻ የደሙ ስኳር በቀነሰ ጊዜ ተስፋቸው ለመለመ። ከዚያም በኋላ ማርጆሪ ብለው የሰየሟት ውሻ ቆሽቷ ወጥቶ ሳለ በዚሁ መድኃኒት 70 ቀን ያህል ኖረች።

በ1922 ዓ.ም. ጃንዋሪ 11 ቀን ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በቶሮንቶ ሆስፒታል ተወጋ። የልጁ ክብደት 30 ኪሎ አይሞላም ነበር። መድኃኒቱ ንጹሕ ስላልነበረ የመጀመሪያው መርፌ ብዙ አልረዳውም። ነገር ግን ጄምስ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ካጣራው በኋላ ጃንዋሪ 23 ቀን እንደ ገና ተወጋ፤ ስኳሩም ወረደ። ሌናርድም እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ ኖረ። ባንቲንግ፥ ቤስትና ኮሊፕ የግኝቱን መብት ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ብቻ ሸጡለት።

ይሁን እንጂ የእንስሳት ሥቃይ በዚህ አልተፈጸመም። ኢንሱሊን ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ የደምን ስኳር እጅግ አውርዶ ይገድላል፤ ስለዚህ የተሠራው ሁሉ ኃይሉ መመዘን ነበረበት። ሚዛኑም ጥንቸል ሆነ። ሁለት ኪሎ የሚመዝን፥ ምግብ ሳይቀምስ የቆየ ጥንቸል እስኪንፈራገጥ ድረስ የደሙን ስኳር የሚያወርደው ልክ በመጀመሪያ አንድ ዩኒት ተባለ። ልኩ በኋላ ቢሻሻልም፥ ዛሬ እናት «ይህን ያህል ዩኒት» ብላ ስትቀዳ የቃሉ መነሻ ያ ጥንቸል ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድር ነው? ብዙዎች «ልጁ ድኗል፤ ነገሩም አልቋል» ይላሉ። ነገር ግን በፍርድ ቤት እንደሚደረገው መዝገቡን ገጽ በገጽ ብንገልጠው ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ እነዚያው ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከቄራ ከመጣ የበሬ ቆሽት በአልኮል አማካይነት ማውጣት እንደሚቻል አገኙ። ስለዚህ የውሾቹን ቱቦ የማሰሩ ሥራ ለመድኃኒቱ የግድ እንዳልነበረ ታወቀ። በሌላ ወገን ደግሞ ጭማቂው የደምን ስኳር በእርግጥ እንደሚያወርድ፥ በዚያ ዘመን ያለ ሕያው ፍጥረት ምስክርነት ሊረጋገጥ አይችልም ነበር። በአንድ መዝገብ ውስጥ የግድ የሆነው ሥቃይና የግድ ያልሆነው ሥቃይ ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ፤ የፍጻሜው ማማርም ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። ተመራማሪዎቹ ይህን አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም ነበር የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ነገር ግን አለማወቅ የሚያስገድደው አስቀድሞ መጠየቅን ነው። ከታረደው በሬ ሊገኝ የሚችለውን ከሕያው ውሻ መፈለግ የሚገባው የመጀመሪያው መንገድ ከተፈተነ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በእንግሊዝ አገር በፍርድ አደባባይ ቀርቦ ነበር። እንግሊዝ በ1876 ዓ.ም. በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ምርምር በፈቃድ የሚወስን ሕግ አወጣች። በ1903 ዓ.ም. ዊልያም ቤይሊስ የተባለው መምህር በለንደን በተማሪዎቹ ፊት አንድ ቡናማ ውሻ ቀዶ አስተማረ። ያው ውሻ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለቆሽት ምርምር ተቀዶ ነበር። ከስዊድን የመጡ ሁለት ሴቶች ይህን ተመልክተው ውሻው በሚገባ አልደነዘዘም ብለው ጻፉ፤ ስቲቨን ኮልሪጅ የተባለው የሕግ ሰውም ይህንኑ በሕዝብ ጉባኤ ተናገረ። ቤይሊስ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ፤ ረታም፤ 2,000 ፓውንድ ካሣ ተፈረደለት። ነገር ግን በችሎቱ የተከበረው የመምህሩ ስም ነው። ውሻው ከሳሽ መሆን፥ ምስክር መቁጠር፥ ነገረ ፈጅ ማቆም አይችልምና የእርሱ ጉዳይ በገዛ ስሙ አልተሰማም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ እንስሳትን ፈጽሞ አትንኩ» የሚል ቢነሣ እርሱም የሚመልሰው ከባድ ጥያቄ አለበት። በጦርነቱ ዘመን የጀርመን ሐኪሞች ያለ ፈቃዳቸው በእስረኞች ላይ ስለ ፈጸሙት ግፍ በኑረምበርግ ተከሰው በ1947 ዓ.ም. ሲፈረድባቸው፥ ችሎቱ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር 10 ደንቦችን ጻፈ። ከእነዚህም አንዱ በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በተገኘ ውጤት የተመሠረተ ይሁን የሚል ነው። ያልተመረመረ መድኃኒት በማን ላይ ይሞከራል ቢባል፥ ተቆጣጣሪ በሌለበት ስፍራ በድኻውና በእስረኛው ላይ እንደሚሆን ያ ዘመን አሳይቷል። የታመመ ልጅ ያላት እናትም ውሻውን ወይስ ልጅሽን ብትባል ልጄን ማለቷ አይነቀፍም። ነገር ግን ሰው በዚህ ነገር ተጠቃሚም ፈራጅም ሆኖ ተቀምጧል። በገዛ ጉዳዩ ዳኛ የሆነ ሰው ከሌላው ዳኛ ይልቅ በራሱ ላይ መጥበቅ ይገባዋል።

ይህ ጥብቅነት በምን ይገለጣል? በ1959 ዓ.ም. ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በአንድ መጽሐፍ ሦስት ሥርዓቶችን አቆሙ። አንደኛው መተካት ነው፤ ይኸውም ያለ ሕያው እንስሳ ሊታወቅ የሚቻለውን በሌላ መንገድ መፈለግ ነው። ሁለተኛው መቀነስ ነው፤ ይኸውም እውነቱን ለማወቅ ከሚበቃው ቍጥር በላይ አለመጠቀም ነው። ሦስተኛው ማቅለል ነው፤ ይኸውም በማደንዘዣ፥ በመልካም መኖሪያና በሠለጠነ እጅ ሥቃዩን ማሳነስ ነው። እነዚህ ሥርዓቶች ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብተዋል። በቶሮንቶ ለሞቱት 7 ውሾች ይህ ሁሉ ዘግይቶ መጣ፤ ከእነርሱ በኋላ ለመጡት ግን ጠበቃ ሆነላቸው።

መተካት ባዶ ምኞት አለመሆኑን ያሳየን ኢንሱሊን ራሱ ነው። ለብዙ ዘመን መድኃኒቱ ከበሬና ከዐሣማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ንጹሕ ኢንሱሊን ለማግኘት ከሁለት ቶን በላይ የዐሣማ ብልት ያስፈልግ ነበር። በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ ያሉ ሊቃውንት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ባክቴሪያዎች የሰውን ኢንሱሊን እንዲሠሩ አደረጉ፤ በ1982 ዓ.ም. ለበሽተኞች እንዲሰጥ ተፈቀደ። ኃይሉም በአብዛኛው በኬሚስትሪ መመዘኛ ስለሚለካ ጥንቸሉ ከሚዛንነት ተገላግሏል። ምርምሩ ሁሉ ግን ያለ እንስሳት የሚፈጸምበት ጊዜ ገና አልደረሰም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ነው አትበል፤ በቤትም የሚሠራ ድርሻ አለው። እንስሳ ስለ ሕይወት በተሠቃየበትና ስለ ጌጥ በተሠቃየበት መካከል ልዩነት አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ዓ.ም. በእንስሳት ላይ የተፈተነ የመዋቢያ ቅባት እንዳይሸጥ መከልከሉ ስለዚህ ነው፤ የሚገዛ ሰውም ይህን መጠየቅ ይችላል። በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት በቸልተኝነት ማበላሸትም የገንዘብ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ለግኝቱ የተከፈለውን የሕይወት ዋጋ ማቃለል ነው። በመንገድ የሚያልፈውን ውሻ በድንጋይ የሚወግር ልጅ ቢኖር ወላጆቹ ይገሥጹት፤ የዚህንም መድኃኒት ታሪክ ይንገሩት። ሲያድግ ከሳሽና ምስክር በሌለበት ስፍራ እውነተኛ ፍርድ የሚፈርድ ሰው የሚሆነው ከልጅነቱ ይህን የተማረ ነው።