ማዕረግ ከሥልጣን ሲቀድም

በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መነሻ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፥ የጎሬ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ካርቱም ይወርድ በነበረበት ዘመን፥ ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ነበር። ባለማዕረጉ ምን ለማዘዝ እንደሚችል ገበያተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ዛሬ ግን ያለ ሿሚ የሚገኝ ሹመት በዝቷል። በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ሥራውን የጀመረው ሊንክድኢን፥ ማንኛውም ሰው የሥራ ታሪኩን በራሱ እጅ ጽፎ የሚያወጣበት መድረክ ነው። ከሜቱና ከበደሌ ሳይወጡ የሩቅ አገር ገዢ ለማግኘት ማስቻሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ደላላው «የዓለም አቀፍ ንግድ አማካሪ»፥ አንድ መኪና እንኳ የሌለው «የሎጂስቲክስ ዳይሬክተር» እየተባለ መጻፉ ጉዳት አለው።

አንድ የሜቱ ማር ነጋዴ፥ «የገበያ ልማት ዋና ዳይሬክተር» ከተባለ ሰው ጋር ተዋውለው ማራቸውን በዱቤ ጫኑ። የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ወደ ድርጅቱ ቢጽፉ፥ «ሰውዬው ገዢና ሻጭ ሲያገናኝ ኮሚሽን እንከፍለዋለን እንጂ ሠራተኛችን አይደለም» የሚል መልስ ደረሳቸው። ማሩም ገንዘቡም ሳይመለስ ቀረ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ ሥራ አስኪያጅ ማለት በነጋዴው ስም ለመፈረም ሥልጣን የተሰጠው ሰው እንደሆነ፥ ደላላ ግን ተዋዋዮችን የሚያገናኝ እንደሆነ ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢታደስም፥ ቁም ነገሩ ያው ነው፤ ድርጅትን በዕዳ የሚያስረው የፈራሚው ሥልጣን እንጂ የማዕረጉ ርዝመት አይደለም።

ስለዚህ ዕቃ ከመጫን አስቀድሞ የንግድ ምዝገባውን ማስረጃ መጠየቅ፥ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ መመልከት፥ ፈራሚው ሌላ ከሆነም የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣኑን ማየት ይገባል። ከዚያም ድርጅቱ ራሱ በሚታወቀው አድራሻው ደውሎ ማጣራት ያስፈልጋል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛ ገዢም አይቀየምበትም።

በእኛም በኩል ራሳችንን እንመርምር። የማገለግላቸው ነጋዴ «የአስተዳደር ዳይሬክተር ብለሽ ጻፊ» ቢሉኝ፥ «ጸሐፊ የሚለው ይበቃኛል» አልኋቸው። ደብዳቤ እጽፋለሁ፥ መዝገብ እይዛለሁ፤ በእርሳቸው ስም ግን አልፈርምም። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ደንበኛ በእኔ ቃል ተማምኖ ዕቃውን አይጭንም።