ቀን ቅጽበት አይደለም

በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ «2024-09-11» ተብሎ የሚጻፈው ቀን የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነው። ቋንቋው ግን ሰዓት ያልተጠቀሰበትን ቀን በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አድርጎ ያነበዋል። ይህ ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ቀኑ አልተነካም። ዋሽንግተን ላለ ሰው ግን ገና የዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ስለሆነ፣ ስልኩ ላይ አዲስ ዓመት ጳጉሜን 5 ሆኖ ይወጣል። «ሁሉንም በዓለም አቀፉ ሰዓት መዝግብ» የሚለው የተለመደ ምክር ገንዘብ የተላለፈበትን ቅጽበት ለመያዝ ትክክል ነው። ልደትና በዓል ግን ቅጽበት አይደሉም፤ የትም አገር ያው ቀን ናቸው። ስለዚህ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ እንዳሉ ተቀምጠው፣ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲለወጡም ስሌቱ ከእነዚያ ቁጥሮች ብቻ ይነሳ። 7 ወይም 8 ዓመት መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ጊዜ እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል።