ከቀለሙ በፊት ስንጥቁን ይዩ

ቤት ሊገዙ የሚጠሩኝ ሰዎች ቀለሙንና ሴራሚኩን ያሳዩኛል። እኔ ቀድሜ የማየው የመስኮትና የበር ማዕዘኖችን ነው። ቦሌን በመሳሰሉ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች መሬቱ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ መሠረቱ በቂ ጥልቀት ከሌለው አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። የራስዎ ቤት ከሆነ፣ የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ አስምረው ቀኑን ይጻፉ። ወራት ቆይቶ መስመሩን ካለፈ፣ በጀሶ ከመድፈንዎ በፊት መሐንዲስ ይጥሩ። አሸንዳውንም አይርሱ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ከተጠራቀመ ችግሩን ያባብሰዋል። ደግሞ አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ (ሻጮች ይህን ይወዳሉ!) እርጥበት መኖሩን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።