የቀጠሮ ቀን ስኳር

የሐኪም ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው እማማ ቡናቸውን ያለ ስኳር መጠጣት ይጀምራሉ። ለስላሳው ይቀራል፤ ቆጮው ይቀነሳል፤ ሲረሳ የከረመው ኪኒን በሰዓቱ ይዋጣል። በቀጠሮው ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 118 ሲሆን ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ወረደ!» ይላል። ማምሻውን ሁሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የሚናገረው ግን ስለዚያች ጠዋት ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ የተለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው። 126 ወይም ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከተገኘ የስኳር ሕመም ይባላል። ሕክምና ለጀመሩ ብዙ አዋቂዎች ግቡ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለአረጋውያን ሐኪሙ ግቡን ሊያላላው ይችላል።

መለኪያውንም ልብ ይበሉ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው መሣሪያ 9 ቢያሳይ ስኳሩ ወርዷል ማለት አይደለም፤ በሚሊሞል እየቆጠረ ነው። በ18 ሲባዛ 162 ይሆናል።

የሦስት ወሩ ምስክር

ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ በሦስት ቀን ጥንቃቄ አይታለልም። ስኳር በቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል፤ ሴሉ ወደ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ያሳያል። ለብዙ ሕሙማን ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። 9 በመቶ ከሆነ አማካይ ስኳሩ ከ200 በላይ ነበር ማለት ነው። የደም ማነስ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ካለብዎ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? ሐኪሙ 118ን አይቶ መድኃኒቱን እንዳለ ይተወዋል። ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ይጎዳል።

ስለዚህ ከቀጠሮ በፊት አኗኗርዎን ለውጤቱ ብለው አይቀይሩ። የዘለሉትን ኪኒን አይደብቁ። ቆጮም፣ እንጀራም፣ ዳቦም ሆዳችን ውስጥ ስኳር ይሆናሉ፤ ዋናው መጠኑ ነው። ከሳህኑ ግማሹን ጎመንና ሌላ አትክልት ይሙላው፤ የሐይቁ ዓሣም ጥሩ አጃቢ ነው። ማርም ስኳር መሆኑን አይርሱ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ይራመዱ፤ ማታ ማታ እግርዎን ለቁስል ይፈትሹ፤ ዓይንዎን በዓመት አንድ ጊዜ ያስመርምሩ።

ላብ ላብ ካለዎ፣ ከተንቀጠቀጡና ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ልጆችም እማማን «ስንት ሆነ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ኪኒኑስ ስንት ቀን ተረሳ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ሳትቆጡ ስሙ። ቁጣ የሚፈራ ሕመምተኛ ለቀጠሮው ቀን ብቻ ነው የሚጠነቀቀው።