ማማ

ማልታ የሚኖር ጓደኛዬ ባሕር ዳር የቆመ የድንጋይ ግንብ ፎቶ ላከልኝ። "የኛ ማማ ነዋ!" ብዬ መለስኩለት። ሳቀብኝ። አስረዳዋለሁ ብዬ ነው እዚህ የምጽፈው።

የባሕር ወንበዴ ድንገት ከመርከብ እየወረደ ሰው አፍኖ በሚሸጥበት ዘመን፣ የማልታ ገዢ የነበረው ማርቲን ደ ሬዲን እ.ኤ.አ. በ1658 እና በ1659 በደሴቲቱ ዳርቻ 13 ግንብ አሠራ። ብልሃቱ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው፦ አንዱ ግንብ ጎረቤቱን ያያል። ጠላት ሲታይ ቀን በጭስ፣ ሌሊት በእሳት፣ ወሬው ከግንብ ግንብ እየዘለለ ከተማ ይደርሳል።

ጎጃም ባሕር የለውም። ዝንጀሮ ግን አለው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ደጀንን አልፎ መንገዱ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ያደግኩት በዚያ አፋፍ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር አባቴ ከሁሉ አስቀድሞ ማማ ይሠራል፤ ዝንጀሮዋስ ብትሆን "መጀመሪያ የመቀመጫዬን" ብላ የለ። አራት ባላ ይተከላል፣ አግዳሚ ይጋደማል፣ ርብራብ ተደርጎ ገለባ ይጎዘጎዛል፣ ከላይ ለዝናብ ክዳን ቢጤ። ከማሽላው በልጦ ገደሉን ካሳየ በቃ። ወንጭፍና ጅራፍ የአባቴ፣ ጠጠር ማመላለስ የኔ።

መንጋው ጠዋት ከገደሉ ይወጣል። አንድ ትልቅ ወንድ አለት ላይ ተቀምጦ ማማውን ያያል፣ እኛም እሱን እናያለን። ዝንጀሮ ልጅ እንደማይፈራ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ ብብቱን ያክካል፤ አባቴ ሲያስል ግን ይነሳል።

ችግሩ፣ ከኛ የተባረረ መንጋ የጎረቤት ማሳ ነው የሚገባው። ስለዚህ "ሃይ! ወዳንተ ወረደ!" ይባላል። ከዚያኛው ማማ ጅራፍ ይጮሃል፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ እንዲህ እያለ አፋፉን ይዞራል። ሌሊት ለጃርትና ለከርከሮ እሳት ይነዳል።

አንድ ዓመት ከኛ በታች ያለው ማማ ባዶውን ዋለ፤ ባለቤቱ ታሞ ነበር። እኛ ገደሉ ላይ አፍጥጠን ስንጠብቅ መንጋው በዚያ በኩል ዞሮ ከጀርባችን ገባ። የደረስነው አገዳው ተሰባብሮ፣ ግማሹ ራስ ተቆርጥሞ ከተጣለ በኋላ ነው።

አባቴ ምንም አልተናገረም። በማግስቱ ወንድሜን ወንጭፍ አስይዞ የታመመው ሰውዬ ማማ ላይ አወጣው።