የመርፌ ሥራ በፈረንሳይ አገር

መርፌ የሌለበት ቤት አይገኝም። የተቀደደው ይሰፋበታል፤ ቁልፍ ይተከልበታል፤ የቀሚስ ጥልፍ ይጠለፍበታል። ፈረንሳይ በምትባለው የኤውሮፓ አገር ደግሞ መርፌ ሌላም ታሪክ አለው። ለብዙ ሴቶች እንጀራ ሆኗል። ብዕር ላልጨበጡ ሴቶችም ፊደል መጻፊያ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በፈረንሳይ ደቡብ፣ በባሕር ዳር፣ ማርሴይ የሚባል የወደብ ከተማ አለ። የአካባቢው ስም ፕሮቫንስ ነው። ፀሐይ የሚበዛበት፣ ወይንና የወይራ ዛፍ የሚበቅልበት አገር ነው። ጥጥ ግን የዚያ አገር አዝመራ አይደለም። ጥጡ በመርከብ ተጭኖ ከሶርያ፣ ከቆጵሮስና ከቱርክ አገር ይመጣ ነበር። በ1669 የፈረንሳዩ ንጉሥ 14ኛው ሉዊ የማርሴይን ወደብ ከብዙ ቀረጥ ነፃ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ነጋዴው በረከተ፤ ጥጡም፣ ፈትሉም፣ ጨርቁም ጎረፈ። ታዲያ ጥጥ የማያበቅሉ ሰዎች በሰው አገር ጥጥ የሚደነቅ ሙያ አወጡ።

ሙያው «ቡቲ» ይባላል። ቡቲ ማለት ጥጥ የሚጠቀጠቅበት ደነዝ ወስፌ ነው። የመሣሪያው ስም የሥራው ስም ሆኖ ቀረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ በመጀመሪያ ሁለት ስስ ነጭ ጨርቅ አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች። በላይኛው ጨርቅ ላይ ሥዕሉን በቀጭኑ ትነድፋለች፤ አበባ ይሁን፣ የወይን ዘለላ ይሁን፣ ልብ ይሁን። ከዚያ ጨርቁን በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ወጥራ፣ ሁለቱን ጨርቆች በሥዕሉ መስመር ላይ አንድ ላይ ትሰፋቸዋለች። እዚህ ላይ ዘዴ አለ። መስመሩ አንድ ብቻ አይደለም። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮች ናቸው። የመስኖ ቦይ ግራና ቀኝ ዳርቻ እንዳለው ሁሉ፣ በሁለቱ ስፌቶች መካከልም ጠባብ ቦይ ይቀራል።

ስፌቱ ሲያልቅ ጨርቁ ይገለበጣል። አሁን በቦዩ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ሳይሆን ጥጥ ነው። ሠራተኛዋ የጀርባውን ጨርቅ ድርና ማግ በወስፌው ፈልቀቅ ታደርጋለች። ልብ በሉ፣ አንድም ክር መበጠስ የለባትም። ወስፌው ደነዝ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ስል ቢሆን ጨርቁን ይበሳዋል። በተፈለቀቀችው ትንሽ ቀዳዳ ላላ ብሎ የተፈተለ የጥጥ ገመድ አስገብታ፣ በረጅም መርፌ እየጎተተች ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ትሞላዋለች። ሰፋ ያለ ቦታ ሲሆን፣ ለምሳሌ የአበባ ቅጠል ወይም የወይን ፍሬ ሲሆን፣ ቁራጭ ቁራጭ ጥጥ እየጠቀጠቀች ታሳብጠዋለች። በመጨረሻ የተፈለቀቀውን ክር በጥፍሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ቀዳዳው ይጠፋል።

ከዚያ ይታጠባል። ውሃ ሲነካው ጥጡ ያብጣል፤ ሥዕሉም ከጨርቁ ላይ ብድግ ይላል። በጣት ሲዳሰስ እንደ ቅርጽ ይሰማል። ቀለም የለውም፤ ሁሉም ነጭ ነው። ወደ ብርሃን ሲይዙት ግን ሌላ ነገር ይታያል። ጥጥ የሞላበት ቦታ ብርሃን ስለማያሳልፍ ጥላ ይሆናል፤ ባዶው ቦታ ይበራል። ሥዕሉ በጥላና በብርሃን ይወጣል ማለት ነው። ደግሞ ፊቱም ጀርባውም ያምራል። የመርፌ ሥራ ሙያ በጀርባው ይታወቃል፤ ብዙ ጥልፍ ከፊት አምሮ ከጀርባው የተወሳሰበ ነው። ቡቲ ግን የሚያሳፍር ጀርባ የለውም። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ለአንድ የአልጋ ልብስ ወራት ያልፋሉ። እንግዲህ ስንት ሺ ጊዜ መርፌ እንደሚገባና እንደሚወጣ እናንተው ገምቱት።

ሌላም ዓይነት አለ። እሱ ሦስት ድርብ ነው። በላይና በታች ጨርቅ፣ በመካከሉ የተነደፈ ጥጥ ይነጠፍና ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። ይህኛው ለብርድ ነው። የፕሮቫንስ ገበሬ ሴቶች ቀሚስና የአልጋ ልብስ እንዲህ አድርገው ይሠሩት ነበር። ለሙሽራ ቀሚስ ሮማን ይሰፋበት ነበር። ሮማን ፍሬው ብዙ ስለሆነ ልጅ ይብዛላችሁ የሚል ምርቃት ነው። ለሕፃንም ቆብ ይሠራለታል። ፔታሱን የሚሉት ደግሞ አለ። ሕፃኑን ለማቀፍ የሚመጣ እንግዳ ጉልበቱ ላይ የሚያነጥፈው አራት ማዕዘን ድርብ ጨርቅ ነው። ለምን እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይገባዋል፤ ሕፃን የእንግዳን ልብስ አይምርም!

የመንደሯ ሴት ለቤቷ ትሠራ ነበር። በማርሴይ ከተማ ግን ሥራው ለገበያ ሆነ። ነጋዴው ጨርቁንና ጥጡን ያቀርባል፤ ሴቶቹ ይሰፋሉ፤ ነጋዴው ወስዶ በመላ ኤውሮፓ ይሸጣል። የማርሴይ ሥራ በየአገሩ ስሙ ተጠራ። ሀብታሞች አልጋቸውን አለበሱት፤ ወይዛዝርትም ለበሱት።

ንግዱ ሁልጊዜ ሰላም አልነበረም። በዚያን ዘመን ከህንድ አገር የሚመጣ፣ ሥዕል የታተመበት የጥጥ ጨርቅ በፈረንሳይ እጅግ ተወደደ። ስለዚህ የሐርና የሱፍ ፋብሪካ ባለቤቶች ገበያችን ተወሰደ ብለው ጮኹ። በ1686 መንግሥት ጨርቁ እንዳይገባ፣ በአገር ውስጥም እንዳይታተም በአዋጅ ከለከለ። ክልከላው 73 ዓመት ቆይቶ በ1759 ተነሣ። ሰው ግን በድብቅ መግዛቱን አልተወም። ዘበኞች መንገድ ላይ የሴት ቀሚስ እስከ መግፈፍ ደርሰው ነበር። ቀለም የሌለው፣ ነጭ በነጭ የሆነው የማርሴይ የመርፌ ሥራ በእነዚያ ዓመታት ደራ።

በ1720 ደግሞ መዓት መጣ። ግራን ሴንት አንትዋን የምትባል መርከብ ከሶርያ ሐርና ጥጥ ጭና ማርሴይ ደረሰች። በመርከቧ ላይ ሰዎች በወረርሽኝ ሞተው ነበር። ደንቡ መርከቧና ጭነቷ ራቅ ብለው ብዙ ቀን እንዲቆዩ ያዝ ነበር። ነገር ግን ትልቅ የንግድ ገበያ ደርሶ ስለነበርና ጭነቱም የከተማው ሹማምንት ጥቅም ስለነበረበት ጥንቃቄው ላላ። መጀመሪያ ከሞቱት መካከል ጭነቱን የነኩ ተሸካሚዎች ይገኙበታል። ቀጥሎ በጠባብ ሰፈር የሚኖረው ድሃ ሕዝብ አለቀ። ከከተማው ነዋሪ ግማሽ ያህሉ በዚያ በሽታ ሞተ። ከድርና ከማጉ መካከል ገብቶ የመጣው ቁንጫ ነበር፤ ይህን ግን በዚያን ጊዜ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ከ1760ዎቹ ጀምሮ እንግሊዞች የማርሴይን ሥራ የሚመስል ጨርቅ በመሸመኛ ማውጣት ጀመሩ። ወራት የሚፈጀው በጥቂት ቀን ሆነ፤ ዋጋውም ረከሰ። የእጁ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ጥቂት መንደሮች ሸሸ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን የሚማሩት ሰዎች እንደገና ተገኙ፤ ካልቪሶን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደርም የቡቲ ቤተ መዘክር ተከፈተ።

ለመሆኑ እነዚያን ውብ ሥራዎች የሠሩት ሴቶች እነማን ናቸው? ቤተ መዘክር ውስጥ የአልጋ ልብሱ ተሰቅሎ ይታያል። የሠሪዋ ስም ግን ብዙውን ጊዜ የለም። አንዱ ምክንያት ነጋዴው ስሟን አለመፈለጉ ነው። ሌላው ምክንያት ብዙዎቹ ስማቸውን መጻፍ አለመቻላቸው ነው።

ይህን በቁጥር እናውቃለን። በ1870ዎቹ ማጂዮሎ የሚባል የትምህርት ሰው በሺ የሚቆጠሩ መምህራንን አስተባብሮ አሮጌ የጋብቻ መዝገቦችን አስመረመረ። ፈርሞ ያገባውና መፈረም ሳይችል ያገባው ተቆጠረ። በ1686 እና በ1690 መካከል ካገቡት ውስጥ፣ ከ100 ወንዶች የፈረሙት 29 ነበሩ። ከ100 ሴቶች የፈረሙት 14 ብቻ። ከ100 ዓመት በኋላ ወንዶቹ 47፣ ሴቶቹ 27 ሆኑ። የቀሩት ምልክት አድርገው ወይም ምንም ሳያደርጉ አለፉ።

በዚያን ዘመን ማንበብና መጻፍ ለየብቻ ነበር የሚሰጡት። ለሴት ልጅ ማንበብና መርፌ ይበቃታል ይባል ነበር። ጸሎት ታንብብ፤ ልብስ ትስፋ። መጻፍ ካወቀች ለወንድ ደብዳቤ ትልካለች ብለው የሚሠጉም ነበሩ። እንዴት ያለ ሥጋት ነው!

ነገር ግን ፊደል በመርፌ በኩል ገባ። የፈረንሳይ ቤተሰብ አንሶላውንና ፎጣውን የሚያጥበው በየቀኑ አልነበረም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ የብዙ ሰው ልብስ በአንድነት በአመድ ውሃ እየተዘፈዘፈ ይታጠብ ነበር። ታዲያ የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል? በጥልፍ ፊደል ነዋ። ስለዚህ ልጃገረዲቱ ገና በትንሽነቷ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጣትና ፊደሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከዚያም ቁጥሩን ትጠልፋለች። ስፌቱ ትንንሽ መስቀል ነው። የጨርቁን ክር እየቆጠረች፣ መስቀል በመስቀል ላይ እየቀጠለች ፊደሉን ታቆመዋለች። ክሩ ቀይ ነው፤ ጥሩ ሆኖ የተነከረ ቀይ በአመድ ውሃ ሲቀቀል አይለቅም።

ብዙ ልጃገረዶች መጨረሻ ላይ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ይጠልፉ ነበር። በእጃቸው የጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው ነው። ብዕር ይዘው መጻፍ ሳይማሩ በመርፌ ስማቸውን የጻፉ አሉ። የነገሥታቱን አልጋ ያለበሰው የማርሴይ ሥራ ስም የለውም፤ የገበሬ ልጅ የጠለፈችው ቁራጭ ጨርቅ ስም አለው።

በ1882 የፈረንሳይ መንግሥት ትምህርት ለወንድም ለሴትም ልጅ ግዴታ እንዲሆን ሕግ አወጣ። በዚያው ሕግ ውስጥ ለሴት ልጆች የመርፌ ሥራ ትምህርት ተብሎ ተጽፏል። አሁን ብዕሩም መርፌውም በአንድ ክፍል ሆነ። ልጃገረዶቹ ለትዳራቸው የሚያዘጋጁትን አንሶላ በደርዘን እየቆጠሩ፣ በእያንዳንዱ ጥግ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደልና ተራ ቁጥሩን በቀይ ክር ጠለፉ። እንዲህ ያለ አንሶላ ዛሬም በፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ይገኛል። ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀዩ ፊደልና ቁጥሩ ግን አልለቀቀም።